አንድ ግቢ፣ አራት ዓይነት ወረቀት፦ የልደታ መልሶ ማልማት

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መስመር ልደታ ሲደርሱ ዛሬ ዓይን የሚሞላው ፎቅ ነው፤ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ፣ ኮንዶሚኒየሞች፣ ባንኮች፣ የንግድ ሕንፃዎች። ከ2001 ዓ.ም. በፊት ግን እዚያው ቦታ ላይ ጭቃ ቤት ከጭቃ ቤት ተደጋግፎ የቆመበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች የበዙበት የቆየ መንደር ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ 26 ሄክታር የሚጠጋውን ይህን ሰፈር ለመልሶ ማልማት አስነሳ። በመሀል ከተማ በዚያ ስፋት ከተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ የማንሳት ሥራዎች አንዱ ነው። በኋላ ሰንጋ ተራ፣ የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎትና ሌሎችም ተከተሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሱ።

ስለነዚህ ሰፈሮች ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይፍረስ» እና «አይፍረስ» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ይቀራል። ልደታን በደንብ ላየ ሰው ግን ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ሲፈርስ ማን ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው። አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ሲጋሩ የኖሩ ጎረቤታሞች በእጃቸው ባለው ወረቀት ዓይነት ተለያዩ፤ አንዱ ባለንብረት፣ አንዱ ባለዕዳ፣ አንዱ እንደገና ተከራይ ሆነ። ድህነቱ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊትም ነበር። ልዩነቱን ያሰፋው አነሳሱ ነው።

ከመነሻው የተደባለቀ ከተማ

አዲስ አበባ ሀብታሙ ለብቻው፣ ድሃው ለብቻው እንዲኖርባት ሆና አልተቆረቆረችም። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን ሲመሠርቱ መኳንንቱ በየአቅጣጫው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ፤ ሎሌው፣ ወታደሩና ባለእጁ ደግሞ በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚያ ነው። ቪላና ጭቃ ቤት በአንድ አጥር ሲዋሰኑ ማየት በዚህች ከተማ እንግዳ ያልነበረው በዚሁ አሰፋፈር ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መሠረት የ1967ቱ አዋጅ ነው። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት ቤት አከራይ መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በዚህ ምክንያት የቀን ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ልብስ አጣቢዋና ጠላ ሻጯ ከመርካቶ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ፣ በወር ጥቂት ብር እየከፈሉ ለአሥርት ዓመታት መኖር ቻሉ። በ1990ዎቹ እንኳ በወር ከ10 ብር በታች የሚከፈልባቸው የቀበሌ ቤቶች ብርቅ አልነበሩም።

ርካሽነቱ የራሱን ጣጣ አመጣ። በዚያ ኪራይ ቀበሌ ጣሪያ ሊቀይር አይችልም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ፣ ለማደስም ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት፣ የቻለውን ያህል እየለጠፈና እየደጋገፈ ቆየ። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ይከፈላል፤ በግቢው ጫፍ ማድቤት ይቀጠላል። ሽንት ቤቱ የብዙ አባወራ የጋራ ነው፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። እሳት ቢነሳም እንደዚያው። ስለዚህ «ያ ሰፈር እንዳለ መቆየት ነበረበት» የሚል ሰው እዚያ ክረምት አሳልፎ የማያውቅ ይመስለኛል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ለውጥ ይፈልጉ ነበር።

ግቢው

በልደታ የተለመደ የነበረውን ዓይነት ግቢ ጠጋ ብለን እንየው። ከመንገድ ሲገቡ ፊት ለፊት ያለው ቤት የግል ነው፤ ባለቤቱ ካርታ አለው። ከሱ ቀጥሎ በተርታ ያሉት የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ ነዋሪዎቹ የኪራይ ደብተር አላቸው። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ደባል አለ፤ በአንድ ቤት ቁጥር የሚኖር ሁለተኛ ቤተሰብ ማለት ነው። አንዳንዱ ደባል በቀበሌ መዝገብ ሰፍሯል፤ አንዳንዱን የሚያውቀው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። ከጓሮ ደግሞ የግል ቤቱ ባለቤት ያከራያቸው ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። እዚያ የሚኖሩት ከገጠር የመጡ ወጣቶች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ በእጃቸው ምንም ወረቀት የለም።

በአዘቦት ቀን በእነዚህ አራት ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታይም። ቡና ሲፈላ ሁሉም ይጠራራል። የሰርቪሷ ልጅ ስትታመም ቴርሞሜትር የሚመጣው ከፊተኛው ቤት ነው። ባለካርታው ጡረተኛ ከቀበሌ ተከራዩ ያነሰ ገቢ ያለው ሊሆን ይችላል።

የልኬታው ቀን ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል፤ የካሳው ኮሚቴ ሜትር ይዞ ይገባል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ሰነድ አላችሁ?» የሚል ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በሕጉ መሠረት ካሳ የሚከፈለው በቦታው ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ለግድግዳው፣ ለጣሪያው፣ ለአጥሩ፣ ለተተከለው ዛፍ። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋ አይተመንለትም። ባለካርታው ለቤቱ ካሳና በሌላ የከተማዋ ክፍል ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ተከራዩ ምርጫ ይሰጠዋል፦ ወይ ቅድሚያ አግኝቶ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ ወይ ሌላ ሰፈር ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረው ደባል ከዋናው ተከራይ ጋር መደራደር እንጂ በራሱ የሚጠይቀው ነገር የለውም። የሰርቪስ ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። እሱን ተነሺ ብሎ የመዘገበ የለም፤ በማንኛውም የተነሺዎች ቁጥር ውስጥም አይገኝም።

ስለ ልደታ የሚነገረው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ በአራት መንገድ ይሄዳል። «ተነሺዎቹ ተሻሻሉ» ወይም «ተነሺዎቹ ተጎዱ» የሚል ድምዳሜ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ክፍል ውስጥ የነበሩት እንደሆኑ ነው።

ሃያ በመቶው

የቀበሌ ተከራዮቹን እንከተል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ከ1996 እና 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋ ነው። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ዕጣ ይጠብቅ ነበር። የልማት ተነሺ ግን ያለ ዕጣ ወረፋ ቤት ይሰጠዋል፤ ትልቅ ዕድል ነው። ጥያቄው የአከፋፈሉ ነው። በተለመደው አሠራር ገዢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሚገኝ ብድር ለዓመታት ከወለድ ጋር ይመልሳል።

ለስሌት እንዲመች ቤቱ 100 ሺህ ብር ነው እንበል። በወር 8 ብር የቤት ኪራይ ይከፍል የነበረ ቤተሰብ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 20 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ማምጣት አለበት። ከዚያ በየወሩ የባንኩ ክፍያ አለ። ኮንዶሚኒየሙ ሲረከቡት ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ ለማጠናቀቂያም ገንዘብ ይጠይቃል። ቁጠባ የነበረው፣ ውጭ አገር ልጅ ያለው፣ ዕቁብ የደረሰው ከፈለ። ያልነበረው ወይ ተበደረ፣ ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት መረጠ፣ ወይ ቤቱን ተረክቦ አከራየው።

ይህ የመጨረሻው በሁሉም የኮንዶሚኒየም መንደር የታወቀ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየሙን ለሌላ ሰው አከራይቶ፣ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን እየከፈለ፣ ራሱ ወደ ከተማዋ ዳር ወርዶ ርካሽ የጭቃ ቤት የሚከራይ ሰው። በወረቀት ባለቤት ነው፤ በኑሮው ግን ከነበረበት መሀል ከተማ ወጥቶ የባሰ ቤት ውስጥ ገብቷል። ለድሃው ተብሎ የተሠራው ቤት ውስጥ የሚኖረው ደግሞ የተሻለ ደሞዝ ያለው ተከራይ ነው። ማንም ማንንም በጉልበት ሳያስወጣ፣ ሰፈሩ ገንዘብ ላለው ሰው ተላለፈ ማለት ነው።

ደንበኛው የት ሄደ?

ከቤቱ በላይ ያመዘነው ጉዳት የመተዳደሪያው ነው። የልደታ ድሃ የሚተዳደረው በደሞዝ ሳይሆን በቦታው ነበር። የልደታ ፍርድ ቤት በየቀኑ ባለጉዳይ ይስባል፤ ባለጉዳይ ሻይ ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ማመልከቻ ያጽፋል። ባልቻ ሆስፒታል አስታማሚ አለው። መርካቶ በእግር ይደረሳል፤ ሸክም ያገኘ ሰው ታክሲ ሳይከፍል ሄዶ ሠርቶ ይመለሳል። ልብስ አጣቢዋ የምታጥብላቸው ቤቶች ሁለት ቅያስ ቢርቁ ነው።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናትን እናስብ። በጭቃ ቤቱ ጓሮ ማድቤት ነበራት፤ ምጣዷ በእንጨት ይሠራል፤ ጭሱን ጎረቤት ለምዶታል። ደንበኞቿ በዙሪያዋ ያሉት ምግብ ቤቶችና ወንደላጤዎች ናቸው፤ ብድርም የሚሰጧት፣ ዱቤም የምትሰጣቸው ስለሚተዋወቁ ነው። አሁን ጀሞ በሚባለው የከተማዋ ዳር የኮንዶሚኒየም መንደር አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ደረሳት። እንጨት ማንደድ አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት አለባት፤ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለዚህ ዓይነት ሥራ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተብሎ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በብዙ ቦታ ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ቀርቷል። ሁሉ ተስተካክሎ እንጀራው ቢጋገር እንኳ ጎረቤቷ እንደሷው አዲስ የመጣና የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ነው፤ የሚገዛት ማን ነው? ወደ ድሮ ደንበኞቿ ይዛው ትምጣ ብንል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የታክሲው ሂሳብ ትርፉን ይበላዋል።

የካሳው ኮሚቴ ይህችን ሴት ሲመዝን ያየው የቀበሌ ቤት ተከራይ መሆኗን ነው። ማድቤቱ በራሷ ገንዘብ የተቀጠለ ቢሆንም ሰነድ የለውም። ደንበኛ፣ ዱቤ፣ በእግር የሚደረስ ገበያ በቅጹ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ባለሱቁ ፈቃድ ካለው ቢያንስ የሚያሳየው ወረቀት ነበረው፤ የጉልት ሻጭ፣ የጠላ ቤትና የእንጀራ ጋጋሪ ግን አልነበራቸውም። እዚህ ላይ ጉዳቱ ይበልጥ በሴቶች ላይ የወደቀ መሆኑ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠሩት እነሱ ናቸውና።

ዕድሩም እንዲሁ ተበተነ። የዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ለዓመታት በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ንብረት ነው፤ ሰው ሲሞት ግን ትልቁ ነገር በዚያው ሰዓት የሚደርስ ጎረቤት መኖሩ ነው። አባላቱ ጀሞ፣ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ምትክ ቦታ ሲበታተኑ አንዳንዱ ዕድር ገንዘቡን ተከፋፍሎ ፈረሰ፤ አንዳንዱ ቀጠለና አባላቱ ለቅሶ ለመድረስ ከተማውን ያቋርጣሉ። ገንዘብ ያለው ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳንና ወንበር ይከራያል። የሌለው ሰው የነበረው ኢንሹራንስ ዕድሩ ብቻ ነበር።

ያተረፉም አሉ

ከልደታ ተነሺዎች ከፊሎቹ እዚያው ልደታ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ቤት አግኝተዋል፤ ይህ መነገር አለበት። ሰፈራቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይለቁ የራሳቸው ውኃና ሽንት ቤት ያለው ቤት ገቡ። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩት ሐዲድ ልደታን የሚነካ ስለሆነ ቦታው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ቅድመ ክፍያውን መክፈል የቻለች የቀበሌ ተከራይ ዛሬ በመሀል ከተማ በስሟ የተመዘገበ ቤት አላት፤ ለልጆቿ የምታወርሰው ንብረት በቤተሰቧ ታሪክ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል የድሃ ቤተሰብን ሕይወት የለወጠ ፕሮግራም በከተማዋ ታሪክ ብዙ የለም፤ ላቃልለው አልፈልግም።

ነገር ግን ልደታ የደረሳትና ጀሞ የደረሳት ሁለት ሴቶች ከአንድ ግቢ የወጡ፣ አንድ ዓይነት የኪራይ ደብተር የነበራቸው ናቸው። የዛሬ ሀብታቸው እኩል አይደለም። ምትክ የቀበሌ ቤት የመረጠችው ሦስተኛዋ ደግሞ ዛሬም ተከራይ ናት፤ የገባችበትም ሰፈር ቆይቶ ለመልሶ ማልማት ሊነሳ ይችላል። የሰርቪሷ ተከራይ የሄደችበትን የሚያውቅ የለም። ቀድሞ በአንድ አጥር ውስጥ የነበረው ልዩነት አሁን በከተማዋ ካርታ ላይ በኪሎ ሜትር ተለክቶ ይታያል።

ቦታው ስንት አወጣ?

የፈረሰው መሬት በከፊል ለኮንዶሚኒየም፣ በከፊል ለንግድና ለሌሎች ሕንፃዎች ዋለ። ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ከመጣ ወዲህ የመሀል ከተማ ቦታ ለከተማዋ ትልቅ የገቢ ምንጭ ነው። ለተነሺው ሲከፈል ቦታው ዋጋ የለውም፤ የሚተመነው ጭቃውና ቆርቆሮው ነው። በማግሥቱ ለጨረታ ሲቀርብ ግን የሚሸጠው ቦታው ነው፤ ጭቃውማ ተጠርጎ ተደፍቷል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ ከተማው ካዝና እና ወደ አልሚው ሄደ። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ለቅድመ ክፍያ ድጎማ ቢውል ኖሮ ሃያ በመቶው ማንንም ከልደታ ባላስወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ዋጋ ለቦታው የፈጠሩት እዚያ የኖሩት፣ የነገዱትና ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ሰዎችም ናቸው።

የኮንዶሚኒየሞቹ ምድር ቤት ሱቆች ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የንግድ ቤቶቹ የሚተላለፉት በጨረታ ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበ ይወስዳል። ገንዘብ ለመሰብሰብ ጥሩ መንገድ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትደረድር የነበረች ሴት ግን በዚያ ጨረታ ልትወዳደር አትችልም፤ ስለዚህ ሰፈሩ ቢመለስላት እንኳ ገበያው አልተመለሰላትም።

ከልደታ ወደ ካዛንቺስ

ከልደታ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። 455/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለኢኮኖሚ ጉዳት፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳን በስም አስገብቷል። የእንጀራ ጋጋሪዋ ደንበኛና የዕድሩ መፍረስ ቢያንስ በሕግ ቋንቋ ታወቁ ማለት ነው። በሥራ ላይ ግን መነሻው ያው የሰነድ ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱ የሚለካው መጀመሪያ ተነሺ ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ነው። በፒያሳና በካዛንቺስ የተነሱት ሰፈሮች ልደታ ከነበረበት በላይ በንግድ የተጠላለፉ ነበሩ፤ ካዛንቺስ ከምሽት ንግዱ፣ ከምግብ ቤቱ፣ በአቅራቢያው ካሉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች የሚኖር ሰፈር ነበር። ከዚያ በከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ የሄደ ሰው የተሻለ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞ ሥራው ግን አብሮት አልሄደም። ፍጥነቱ ደግሞ ከልደታው ይብሳል። ልደታ ላይ ስብሰባና ምርጫ የሚባል ነገር፣ ጎደሎም ቢሆን፣ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር።

ከልደታ መማር የሚቻለውን ለማድረግ አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልግም። ቀለሙ ግድግዳ ላይ ከመቀባቱ በፊት በየክፍሉ ማን እንደሚያድርና በምን እንደሚተዳደር ይመዝገብ፤ በየቤት ቁጥሩ ሳይሆን በየቤተሰቡ፣ ደባሉንና የሰርቪስ ተከራዩን ጨምሮ። ቅድመ ክፍያው ለተነሺ በገቢው ልክ ይሁን፤ መክፈል ለማይችለው በዚያው ሰፈር ኪራይ ቤት ይቅረብ። ከምድር ቤት ሱቆች የተወሰኑት ከጨረታው ወጥተው፣ እዚያው ሲሸጡ ለነበሩ ነጋዴዎች መክፈል በሚችሉት ኪራይ ይሰጡ። የጋራ መገልገያ ሕንፃውም ለተሠራለት ሥራ ይክፈት፤ ምጣዱ ይተከልበት፤ ቁልፉ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ።